ከመልሱ በፊት ጎማው!

የታክሲ ተሳፋሪዎች ነንና ነገር እናውቃለን። ረዳቱ መልስ ካስቀረብን እስከ መውረጃችን እንከራከራለን፤ ትርፍ ሲጭን እናጉረመርማለን። ስለ ጎማው ግን ትንፍሽ አንልም። ለምን?

ጎማ እኮ የመኪናውን ጉድ ይናገራል። ሁለቱም ዳሩ ካለቀ ነፋስ አንሶት ከርሟል። መሃሉ ብቻ ከተላጨ ነፋስ በዝቶበታል። አንድ ጎኑ ከተበላ ደግሞ አላይመንቱን ጠርጥሩ። የዚህኛው ክፋቱ፣ ከውጭ ጥርሱ ደህና መስሎ በውስጥ በኩል ሽቦው ሊወጣ መቻሉ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቀላል መኪና ጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መንዳት ክልክል ነው። ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የጥርሱ ሥራ በዝናብ ጊዜ ውኃውን ከጎማው ሥር ማስወጣት ነው። ልሙጥ ጎማ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ ሹፌሩ ፍሬን ቢረግጥ መኪናው አይሰማውም። ክረምታችንን ደግሞ እናውቀዋለን።

«ጎማ ተወዷል» ይሉናል። እውነት ነው። ብዙው ሹፌርም የመኪናው ባለቤት አይደለም፤ ማታ ገቢ ማስረከብ አለበት። ግን ጎሚስታ ጋር ጎራ ብሎ ነፋስ ማስለካት የጎማ ዋጋ አይጠይቅም፤ እንዲያውም የጎማውን ዕድሜ ያረዝማል። ባለንብረቱ በጎማ ሲቆጥብ ትርፉ የእሱ ነው፤ አደጋው ግን የሹፌሩና የእኛ።

ስለዚህ ወዳጆች፣ ወረፋ ስንጠብቅ አንዴ ጎንበስ ብለን እንይ። አልቆ ካየነውም በትሕትና፣ «ወንድም፣ የፊት ጎማህ አልቋል» እንበል። ካልሰማን፣ ቀጣዩን ታክሲ እንጠብቅ። ለመልሳችን ያላፈርን ለነፍሳችን እንፈር?