የቀኙ ጥርስ ከግራው እንዳይለወጥ

አንድ የጥርስ ሐኪም በካርድ ላይ «6» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የትኛውን ጥርስ ማለቱ ነው? እንደሚታወቀው የአዋቂ ሰው ጥርስ ሲሟላ 32 ነው። ላይና ታች፣ ቀኝና ግራ ተብሎ ሲከፈል ለየክፍሉ ስምንት ስምንት ይደርሳል። ስለዚህ 6 ቁጥር የሚባል ጥርስ አራት ነው ማለት ነው። እነዚህን ለመለየት ከቁጥሩ ጋር እንደ ቤት ጥግ የታጠፈ መስመር ይሰመራል። ቁመቱ የፊትን መሐል፣ አግድሙ ደግሞ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ድንበር ያሳያል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1861 የቪየናው አዶልፍ ዚግሞንዲ፣ በ1870 ደግሞ የኦሃዮው ኮሪደን ፓልመር አቀረቡት። በእንግሊዝ አገር ዛሬም ይሠራበታል።

«ታዲያ ይሄ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ነገሩን እንየው።

ጥጉን በእጅ መሳል ቀላል ነው። በመኪና መጻፍ ሲመጣ ግን ቁልፍ የለውም። ለዚህ ችግር ሁለት መፍትሔዎች ተገኝተዋል። አንደኛው ጽሕፈቱን ለመሣሪያው እንዲመች መለወጥ ነው። በ1970ዎቹ መግቢያ የተስፋፋው ዓለም አቀፍ ዘዴ ጥጉን ትቶ በሁለት አኃዝ ይጽፋል፤ የላይኛው ቀኝ 16፣ የላይኛው ግራ 26፣ የታችኛው ግራ 36፣ የታችኛው ቀኝ 46 ይባላል። ሁለተኛው መፍትሔ መሣሪያው ጽሕፈቱን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ኮምፒዩተር በመሠረቱ የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ደረጃ የጥርስ ምልክቶችን አስገቡ፤ በ2002 ደግሞ ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ 15ቱን ተቀብሎ ከ9150 እስከ 9164 ያለውን ቁጥር ሰጣቸው።

«ሁለቱ አኃዝ ካለ ምልክቱ ለምን ይደከምለታል?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አኃዙ ቀላል ነው፤ በስልክም ለመናገር ይመቻል። ነገር ግን በጥጉ የተጻፉ የቆዩ ካርዶች ሲገለበጡ ጥጉ ከጠፋ የሚቀረው ባዶ «6» ነው። ሐኪሙ የቀኙን ትቶ የግራውን ቢነቅል ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? በእኔ አመለካከት መሣሪያ ለጽሕፈት እንጂ ጽሕፈት ለመሣሪያ አልተፈጠረም።

ይህን ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የግዕዝ ፊደል በዚሁ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የጽሕፈት ፕሮግራም ፊደላችንን በየራሱ ቦታ ያስቀምጥ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጥር ማግኘት ብቻውን አይበቃም። አንዳንዱ በጥርስ ምልክቱ ፋንታ ሠንጠረዥ መሥሪያ የሆነውን ጥግ ያስገባል። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሲፈለግም አይገኝም። እኛስ? አራት ነጥብ የራሱ ቁጥር እያለው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታን የምናልፍ ስንቶቻችን ነን? መስመር ሲያልቅ ነጥቦቹ ተለያይተው ግማሹ እላይ፣ ግማሹ እታች ሊቀር ይችላል። የፈተና ወረቀት ላይ ይህን ያየ ልጅ ምን ይማራል?

ከዚህም ሌላ በምልክት ፋንታ ባዶ ሣጥን ሲመጣ «ጠፋ» ብለን አንሰርዘው። ብዙውን ጊዜ የጎደለው የፊደሉ መልክ ነው፤ ቁጥሩ ውስጡ አለ። የሚያሳይ ፎንት ሲገኝ ይመለሳል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ነገ ክፍል ስንገባ ለልጆች መልክና ማንነት አንድ አለመሆናቸውን እናስተምር። እስከዚያው ግን የትምህርት ዝግጅታችንን ስንጽፍ ትክክለኛውን ምልክት በመምታት ከራሳችን እንጀምር።