«ማን ነገረህ?» ማለትን ለልጆቻችን እናስተምር!

 

የስልክና የልጆች ትምህርት ነገር ሲነሳ በሁለት ጎራ እንከፈላለን። አንደኛው ወገን «ስልክ የፊትና በር ነውና ወደ መድረሳ አይግባ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ፤ ከእንግዲህ ኡስታዝ ለምኔ?» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከኃላፊነት እየሸሹ ነው። ከልካዩ ልጁን ያለ መሪ ይተወዋል፤ ፈቃጁም እንዲሁ!

እስቲ ከከልካዮቹ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1727 ኢስታንቡል ውስጥ ለኢብራሂም ሙተፈሪቃ የማተሚያ ፈቃድ ሲሰጠው የዲን ኪታቦችን እንዳያትም ተገድቦ ነበር። ዛሬ በየቤታችን የምንቀራበት ሙስሐፍ ከማተሚያ ቤት የወጣ አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ1961 ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ ቁርኣንን በድምፅ ሲያስቀርጹ ቴፕ የዘፈን ዕቃ ነው ብለው አልተዉትም። ደግሞስ ልጁን ከስልክ የሚከለክለው አባት ራሱ ማታ ማታ ምን ያደርጋል? «ይህን መልእክት ለአሥር ሰው ላክ፤ አጅሩ ይህን ያህል ነው» የሚል ምንጩ ያልታወቀ ጽሑፍ ለዘመድ አዝማድ ያስተላልፋል። ልጅ የሚማረው ከአባቱ ክልከላ ነው ወይስ ከአባቱ ጣት?

«ስልኩ ይበቃል» የሚሉትስ? የፕላዝማን ነገር ያስታውሱ! እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በቴሌቪዥን መስኮት መጣ። ብዙ መምህራን ከፋችና ዘጊ ሆነን ቀረን ብለው አማረሩ። ተማሪው «አልገባኝም» ቢል መስኮቱ አይሰማውም፤ ትምህርቱም አይጠብቀውም። በስልክ የተቀረጸ ቂራአትም እንዲሁ ነው። ልጁ ዷዱን ዳል እያደረገ ቢቀራ ቃሪኡ አይሰማውም። የልጁን ምላስ አይቶ የሚያርመው ፊቱ የተቀመጠው ኡስታዝ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ከእጃችን አልራቀም። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ትእዛዝ ሙሉ ዒልም አደረጉት። ማን ተናገረ? ከማን ሰማ? ሁለቱ በእርግጥ ተገናኝተዋልን? ተናጋሪው እውነተኛ ነውን? ትውስታውስ እንዴት ነው? ኢማም ሙስሊም (በ261 ዓ.ሂ. ያረፉት) በሶሒሓቸው መግቢያ ላይ የሰሙትን ሁሉ ከማውራት አስጠንቅቀዋል። ዛሬ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የመረጃ አጠቃቀም ብለው በአዲስ ስም የሚያስተምሩት ዋና ነገር ይኸው ማጣራት ነው። እኛ ግን ሙስጠለሑን ለትላልቅ ደረሶች ብቻ አስቀምጠን፣ ትንንሾቹን ለወሬ ጎርፍ ባዶ እጃቸውን ለቀናቸው።

ጎርፉም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በትዊተር ላይ ሐሰተኛ ዜና ከእውነተኛው ይልቅ በሌሎች የመሰራጨት ዕድሉ 70 በመቶ የበለጠ እንደሆነ አሳይቷል። ዛሬ ደግሞ የአንድን ዓሊም ድምፅና ምስል አስመስሎ ያላሉትን ማስባል ተችሏል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሐሰት መረጃ የሚያሰራጭን ይቀጣል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። በአንድ የሐሰት ፎቶ ጎረቤት ከጎረቤት ቢጋጭ ቅጣቱ የፈሰሰውን ደም አይመልስም።

ስለዚህ በየመድረሳው በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ይመደብ። ኡስታዙ በስልክ የሚዞር አንድ «ሐዲስ» ይዞ ይቅረብ፤ ደረሶቹም በየትኛው ኪታብ እንደሚገኝና ሊቃውንት ምን እንደፈረዱበት ይፈልጉ። ለምሳሌ፣ ቻይና ድረስም ቢሆን ዒልምን ስለ መፈለግ የሚነገረውን ይመርምሩ። ኢብኑል ጀውዚ የፈጠራ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት ኪታባቸው ውስጥ አስገብተውታል። በሚቀጥለው ሳምንት ፎቶ ይምጣ። የት ተነሳ? መቼ? ተቆርጦ የቀረውስ ምንድን ነው? ብለው ይጠይቁ።

«ኡስታዞቻችን ስልክ አያውቁም» የሚል ይኖራል። ኡስታዙ ጥያቄውን ያውቃል፤ ወጣቱ ደረሳ መሣሪያውን ያውቃል። አብረው ይቀመጡ! መስጊድ ለማስገንባት የምናዋጣው ጀመዓ ለመድረሳው አንድ ስልክና አንድ ሰዓት እንዴት ያቅተናል?

ወላጆች ሆይ! ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጃችሁ ወሬ ይዞ ሲመጣ አትቆጡት፤ «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ?» በሉት። ልጁም እናንተን ሲጠይቅ አትቆጡ፤ የያዛችሁትን መልእክት ሳታስተላልፉ መልሱለት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ከእውነተኞቹ ጋር ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።