ኦዲተሩ ጥሎ ሲወጣ “ለምን?” የሚል ይጥፋ?

የወገል ጤና ሰው ነኝና ስለ ድንጋይ ትንሽ አውቃለሁ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከደላንታ ገደል መውጣት የጀመረው ኦፓላችን ውሃ ሲጠጣ ያ የሚንቦገቦግ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። አዋቂ ገዢ ድንጋዩን በአንድ መልኩ ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም። ለአንዲት ጠጠር እንዲህ የሚጠነቀቅ ወገን አክሲዮን ሲገዛ ግን ምን ይነካዋል? ባለቀለም ብሮሹር አየ፣ የትርፍ ወሬ ሰማ፣ በቃ ከፈለ!

ኦዲተር ማለት በባለ አክሲዮኑ ስም ገብቶ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ነው። በ1952ቱም ሆነ በ2013ቱ የንግድ ሕግ የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ክፍያውን የሚቀበለው ግን ከሚመረምረው ኩባንያ ነው። እንግዲህ “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” በሚባልበት አገር፣ ማንም ሳይሽረው እንጀራውን ገፍቶ የሚወጣ ሰው ምን አይቶ ነው?

በክፍያ አለመስማማት ሊሆን ይችላል። ሥራ በዝቶበትም ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን ጀምሮ፣ ሊፈርም ሲል ብዕሩን ከድኖ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው!

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዴሎይት ሎንግቶፕ ከተባለ የቻይና የሶፍትዌር ኩባንያ ወጣ። ለምን ቢሉ፣ የባንክ ማረጋገጫዎቹን ሊያጣራ ባንኩ ዘንድ ቢሄድ ሐሰተኛ ሆነው አገኛቸው። ይህንኑም በደብዳቤ ጻፈ። ኩባንያው ከኒውዮርክ ገበያ ተባረረ። በ2024 ደግሞ ኧርነስት ኤንድ ያንግ የአሜሪካውን ሱፐር ማይክሮ ጥሎ ወጣ። በአንድ ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ በሲሶ ያህል ወረደ። በኋላ ኩባንያው ያቋቋመው ኮሚቴ “ማጭበርበር አላገኘሁም” አለ። ስለዚህ መልቀቅ ብቻውን ወንጀል አያረጋግጥም። የፈረንጁ ባለ አክሲዮን ግን ቢያንስ ወሬውን በጊዜ ሰማ፤ “ለምን?” ብሎም ጠየቀ።

እኛስ? የፌዴራል ዋና ኦዲተር የነበሩትን አቶ ለማ አርጋውን እናስታውስ። ለክልሎች የተሰጠ በቢሊዮን የሚቆጠር ብር በወጉ እንዳልተወራረደ ሪፖርት አደረጉ። በ2006 እ.ኤ.አ. ከወንበራቸው ተነሡ። ልብ በሉ፣ እሳቸው ጥለው አልወጡም፤ ተነሡ እንጂ! የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከአክሲዮን ማኅበር ይለያል፣ እውነት ነው። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ኦዲተር ደርሷል፦ የተናገረ ይነሣል፤ ብልህ የሆነ አፉን ዘግቶ “በግል ምክንያት” የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ይወጣል። ያቺ አንዲት መስመር ናት አደገኛዋ!

ዛሬ ነገሩ የጥቂት ባለሀብቶች ጉዳይ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን አንዱ በ300 ብር ለሕዝብ ቀረበ። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። የአስተማሪውና የባለ ሱቁ ቁጠባ ወደዚያው እየሄደ ነው።

ስለዚህ የማንኛውም ኩባንያ ባለ አክሲዮን የሆናችሁ፣ ጉባኤ ላይ ለኮካ ኮላና ለአበል ብቻ አትሂዱ! ኦዲተር ከተቀየረ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ። ራሱ ወጣ ወይስ አስወጡት? ሒሳቡን ጨርሶ ነው ወይስ በመሐል? ደብዳቤው የታለ? ይነበብልን!

ሊቀመንበሩ “ጊዜ የለንም” ካለ መልሱን አግኝታችኋል።