ያልቆመ ቤት ላይ የሰጠሁት ምስክርነት



በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ከላምበረት አካባቢ የተላከው እንቅልፍ ነሥቶኛል። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከባለቤቷ ጋር ስምንት ዓመት በኪራይ ቤት ኖረዋል። አሁን ባለቤቷ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ባለ ሕንፃ ላይ፣ ዐሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ሊገዛ ቆርጧል። ለቅድመ ክፍያው ያሰበው የዕቁባቸውን ገንዘብ፣ የእርሷን ወርቅና ከመሥሪያ ቤቱ የሚበደረውን ነው። እርሷ ፈርታለች። "ፍርሃቴን ስነግረው እምነት የለሽም ይለኛል። እኅቴ፣ እውነት እምነት የለኝም ይሆን?" ስትል ጠይቃኛለች።

መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። በ2012 ዓ.ም. በእኛ ቤት ይህንኑ ቃል የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ደሴ የነበረው ቤት ተሽጦ ድርሻዬ ደርሶኝ ነበር። በአገልጋይ ቤት እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጅ ገብቶ አያውቅም። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ኩባንያ የሽያጭ ቢሮ ከፍቶ ነበርና ከባለቤቴ ጋር ገባን። ቡና ቀረበልን። በጠረጴዛው ላይ ትናንሽ ዛፎችና መኪናዎች የተደረደሩበት የሕንፃው ሞዴል በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። ልጅቷ ጣቷን ሰባተኛው ፎቅ ላይ አድርጋ፣ "ከዚህ በረንዳ ላይ ሆናችሁ እንጦጦን እንደ ልባችሁ ታያላችሁ" አለችን።

በሌላው ዓለም፣ በዱባይም ሆነ በሞምባሳ፣ ያልተሠራ አፓርታማ የሚሸጠው በባሕሩ ዕይታ ነው። እኛ ባሕር ባይኖረንም ባሕር ዛፍ አለንና የሚሸጥልን እንጦጦ ነው። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ታች የወረዱት ብርዱን ሸሽተው ነው ይባላል፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ተራራ በሩቅ ለማየት በካሬ ሜትር እንከፍላለን። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅማ የእኔ በረንዳ ዋጋው የጨመረ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በረንዳው ግን አልነበረም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለቤቴ መጋቢ ነው፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ቤት ስንገባ፣ "እስቲ የመሬቱን ካርታና የግንባታ ፈቃዱን አሳዩን እንበላቸው፤ ሳምንት ብንቆይ ምን ይጎዳል?" አለኝ። ልጅቷ ደግሞ ዋጋው ከሰኞ ጀምሮ እንደሚጨምር ነግራናለች። እኔም፣ "ለሕዝቡ እምነት እየሰበክህ ለገዛ ቤትህ ሲሆን እምነትህ የት ሄደ?" አልኩት። ዝም አለ። በማግስቱ መጥቶ ፈረመ። የፈረመው አምኖ አልነበረም፤ እኔን ላለማስቀየም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሥራው ቆሞ ሁለታችንም እንቅልፍ ባጣንበት ሌሊት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን የቤታችን ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። በወሩ በእኅቶች ኅብረት ላይ ቆሜ ጌታ ቤት እንደ ሰጠን መሰከርኩ። አስቡት፣ ገና መሬት ያልተቆፈረለት ቤት ነው። እኅቶች እልል አሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ የኩባንያውን ስልክ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። አንደኛዋ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሎች እያስረከበች ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ናት። "የመጋቢ ባለቤት ከገዙማ እኔ ምን ያስፈራኛል?" ብላ የዐሥር ዓመት ጥሪቷን ወስዳ ከፈለች። የኩባንያውን ሰነድ አልጠየቀችም። ሰነዷ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ሕንፃው አራተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል። በሠላሳ ወር ይጠናቀቃል ተብሎ ነበር። ብረቱ ዝጓል፣ በግቢው ሣር በቅሏል፣ ጥበቃው በቆሎ ዘርቶበታል። የእኔ ሰባተኛ ፎቅ አየር ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ቤት መግዛት ክፉ ነው ለማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ያልተሠራ ቤት ገዝተው ዛሬ የሚኖሩበት ብዙ ቤተ ሰቦች አሉ፤ በጉባኤያችንም አሉ። ነገር ግን የምንገዛው ምን እንደ ሆነ ሳናውቅ መፈረማችን ነው ያጠፋን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2876 ላይ፣ ገና ያልተሠራን ቤት ወይም አፓርታማ ለማስረከብ የሚደረግ ውል እንደ ሽያጭ ሳይሆን እንደ ሥራ ውል እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ይህን የነገረን ጠበቃ ነው፣ ያውም ዘግይተን ስንሄድ። በሌላ አነጋገር ቤት ገዛን ስንል ቤት እያሠራን ነበር። ቤት የሚያሠራ ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? መሠረቱ ሲያልቅ አይቶ ይከፍላል፣ ጣሪያው ሲመታ አይቶ ይከፍላል። የእኛ ውል ግን በቀን መቁጠሪያ የተጻፈ ነበር፤ በየስድስት ወሩ ክፈሉ ይላል። ስለዚህ ሥራው ከቆመ በኋላ እንኳ አንድ ዙር ከፍለናል። እኛ ከዘገየን ውሉ ይፈርሳል፣ ከከፈልነውም ይቆረጣል፤ እነርሱ ከዘገዩ ግን "ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት" የሚል አንቀጽ አላቸው። "የዋጋ ማስተካከያ" የሚልም ነበረ፣ እስከ ስንት በመቶ እንደ ሆነ ሳይገልጽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ብረቱም፣ ሊፍቱም፣ አልሙኒየሙም ከውጭ የሚመጣ ነውና ያቺ አንዲት መሥመር ሌላ ሙሉ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ አስጠየቀችን። ስፋቱን ደግሞ ልተወው፤ 92 ካሬ የተባለው የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ ጨምሮ ነበር።

በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አክሰስ ሪል ስቴት ከ2 ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች ከቢሊዮን ብር በላይ ሰብስቦ ቤቶቹን ሳያስረክብ ቀርቶ፣ ጉዳዩ መንግሥት ድረስ ደርሶ ዓመታት እንደ ፈጀ ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ ገዢዎች ብዙዎቹ በውጭ አገር ሠርተው የላኩ ወገኖች ነበሩ። የመንግሥቱ ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ለዓመታት ሲቆጥቡ የኖሩ በጉባኤያችን አሉ፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣም በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰርዞ እንደ ገና ወጥቷል። ዱባይ እንኳ እንደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ ነገር ሕግ አውጥታለች፤ የገዢው ገንዘብ ለዚያው ሕንፃ ብቻ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ የሚያዝዝ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገንዘቡ እንዲሁ ከተለቀቀ የእናንተ ቅድመ ክፍያ ለሌላው ሳይት ብረት መግዣ ይሆናል፣ የእናንተ ሕንፃ ደግሞ የሚቀጥለውን ገዢ ይጠብቃል። ገዢ የጠፋ ዕለት ሁሉም ባለበት ይቆማል።

አሁን "እምነት የለኝም ይሆን?" ወዳልሽው ልምጣ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን ተምሬዋለሁ፤ በሴቶች ጉባኤም አስተምሬበታለሁ። ሁልጊዜ የምናገረው ስለ እምነቱ ነበር። የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ፣ ነቢዩ ራሱ በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ የአጎቱን ልጅ የአናምኤልን እርሻ ገዛ። እንዴት ያለ እምነት ነው! እያልኩ አስተምር ነበር። ውሉን ስፈርም ይህንኑ ምዕራፍ በልቤ ይዤ ነበር። ሥራው ከቆመ በኋላ ግን ምዕራፉን እንደ ገና ሳነበው ከ9 እስከ 14 ያሉትን ቁጥሮች ዘልዬአቸው እንደ ኖርኩ ገባኝ። ኤርምያስ 17 ሰቅል ብሩን በሚዛን መዘነ። ውል ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮች አቆመ። የታተመውና የተከፈተው፣ ሁለቱም ለባሮክ በሰዎች ፊት ተሰጡ፤ ለብዙ ዘመንም እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጡ ታዘዘ። ገንዘቡ የተመዘነው፣ ምስክር የተጠራው እግዚአብሔር ራሱ ግዛ ብሎት ነው! እኔ ከነቢዩ በላይ አማኝ ሆኜ ተገኘሁ ማለት ነው። አስተማሪዬ ቢሰሙኝ ይስቁብኛል።

ስለዚህ እኅቴ፣ ካርታውን አሳዩኝ ማለትሽ ከኤርምያስ ጋር ያቆምሻል እንጂ ከማያምኑት ጋር አያቆምሽም። ለባለቤትሽም አንድ ቃል አለኝ፤ ደብዳቤውን አብራችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። ወንድሜ፣ ለልጆችህ ቤት መሻትህ የአባት ልብ ነው፣ አላጣጥለውም። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር እንኳ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር! የዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ ነው። ሕግ አውጪው ይህን ካሰበ እኛ ምን ያህል ልናስብ ይገባናል? "እሺ" ማሰኘትና ማስማማት ይለያያሉ። እኔ ባለቤቴን እሺ አሰኝቼዋለሁ፤ አላስማማሁትም።

ከተስማማችሁ እንዲህ አድርጉ። ሽያጭ ቢሮውን ትታችሁ መጀመሪያ ሳይቱ ሂዱ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሥራ ቀንና ሳይነገራቸው። ስንት ሠራተኛ እንዳለ ቁጠሩ። ይኸው ኩባንያ ከዚህ በፊት አስረክቦ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ካለ ሄዳችሁ ነዋሪዎቹን አነጋግሩ፤ በስንት ጊዜ ተረከባችሁ፣ ስንት ጭማሪ ተጠየቃችሁ፣ የየራሳችሁ ካርታ ወጥቶላችኋል ወይ በሏቸው። የመሬቱን ካርታ ቅጂ ይዛችሁ ዕዳና እገዳ እንዳለበት ወይም እንደሌለበት በክፍለ ከተማው ይጣራ። መሬቱ ባንክ ተይዞ ከሆነ የእናንተ ተራ ከባንኩ በኋላ ነው። ውሉ በሁለታችሁም ስም ይሁን፤ ክፍያው በግንባታው ደረጃ ይቆረጥ፤ የዋጋ ጭማሪው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ፤ የእነርሱም መዘግየት ቅጣት ይኑረው። ይህን አንለውጥም ካሉ መልስ አግኝታችኋልና ቡናውን አመስግናችሁ ውጡ። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1357 ወጥቷል፤ ቅድመ ክፍያን የሚመለከተውን ክፍል ጠበቃ እንዲያስረዳችሁ አድርጉ። ለጠበቃ የሚከፈለው ብዙ ይመስላል። እኛ ያንን ብር ቆጥበን ያጣነውን አልነግራችሁም።

ወርቅሽን በተመለከተ ግን ሕግም ሥራ ቋንቋም የለኝም፤ እንደ ታላቅ እኅት ልንገርሽ፣ አትሽጪው። ልጅ ታምሞ ሌሊት የሚወጣው እርሱ ነው። ባለቤትሽ ይህን ሲያነብ ቢቆጣኝም ግድ የለም።

ለመጋቢዎችና ለሚስቶቻቸውም አንድ ነገር አለኝ፤ ጥቂት ሳይከብዳችሁ አይቀርም። የሽያጭ ሠራተኞች ለምእመናን ልዩ ቅናሽ አለን እያሉ ወደ ቢሮአችን ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ባመጣነው ሰው ልክ ኮሚሽን ያቀርባሉ። እኔ ሳንቲም አልወሰድኩም፤ ቢሆንም ያቺ እኅት የከፈለችው በእኔ ቃል ነው። ባለፈው ዓመት እዚያው ኅብረት ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ምስክርነት ስሰጥ እልል ያለው ጉባኤ ያን ዕለት ጸጥ አለ። እርሷ አቅፋ ሳመችኝ፤ ይቅር ብየሻለሁ አለችኝ፤ እውነትም ይቅር እንዳለችኝ አምናለሁ። የቤት ኪራይዋ ግን ዘንድሮም ጨምሯል።

እኛ የዚያ ሕንፃ ገዢዎች በዚህ ወር መጨረሻ ቅዳሜ ከሕግ ባለሙያ ጋር እንሰበሰባለን፤ ባለቤቴም የዚያን ቀን ቀጠሮዎቹን ሰርዟል። ያቺ እኅቴ ትናንት ውሏንና የባንክ ደረሰኞቿን በፌስታል ጠቅልላ አምጥታልኛለች። አንዱ ደረሰኝ ሊጥ ነክቶት ቁጥሩ ደብዝዟል፤ ሰኞ ጠዋት ባንክ ሄደን ቅጂ እናስወጣለን።