ከጀበናው ዙሪያ

የዚህ እትም ሐሳብ የተጠነሰሰው እዚሁ ኪሊማኒ፣ ከያያ ሴንተር ብዙም ሳይርቅ፣ ቶናው ሲቀዳ በተነሳ ክርክር ነው። ልጅህ ዕድሉን ቢያገኝ የትኛውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትመርጥለታለህ? አንዱ ሃርቫርድ አለ፤ ሌላው በርክሌይ። እኔ ካንሳስ ስቴት ስል ሳቁብኝ።

ምክንያት አለኝ። የፍኖተ ሰላሟ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከዓለማያ ወጥተው ማስተርሳቸውን በሞንታና ስቴት፣ ዶክትሬታቸውን በካንሳስ ስቴት ነው የሠሩት። ሁለቱም የመንግሥት፣ ሁለቱም ከገበሬው ማሳ የማይርቁ ናቸው። ቀጥለው በግሉ ኮርኔል ተመራመሩ (የእሱም ቢሆን የግብርና ኮሌጁ የኒውዮርክ ግዛት ድጎማ አለበት)። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ እዚሁ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔን፣ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ኪስን በተመለከተ ግን ተሸንፌያለሁ። «የመንግሥት» ሲባል ርካሽ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ቅናሹ ለግዛቱ ነዋሪ እንጂ ከናይሮቢ ለሚሄድ አይደለም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የውጭ ተማሪን እንደ ቤተሰቡ አቅም የሚደግፉት እነ ሃርቫርድና ዬል ናቸው። ለማስተርስና ለዶክትሬት ግን ካንሳስን አልለቅም።

እናንተስ? ምርጫችሁን ከነምክንያቱ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

አዘጋጁ