«ስንት መለኪያ?» ብሎ የጠየቀ የለም

የእህቴ ልጅ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው፤ የዲማ ልጅ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ሦስት ጊዜ ወጥቷል። መጀመሪያ በሚያዝያ ጊዮርጊስ ማግስት ግንባሩን ተፈንክቶ ሰባት ቦታ ተሰፋ። ሁለተኛው ከሠርግ ሲመለስ በሌሊት ገደል ገብቶ ነው፤ የጎን አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ባለፈው ጥር፣ ጓደኛው ከሚነዳው ሞተር ብስክሌት ወድቆ ቀኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ብረት ገባለት። ሦስቱንም ጊዜ ሰክሮ ነበር። ካርዱን አገላብጬ አይቼዋለሁ። የደም ግፊቱ ተጽፏል፤ የልብ ምቱ ተጽፏል፤ የቴታነስ መርፌ መወጋቱ ተጽፏል፤ የተመታውም «በድንጋይ» መሆኑ ሳይቀር ሰፍሯል። መጠጥ የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም።

የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው አንባቢ ነገሩን የአንድ ቤት ጥፋት አድርጎ ይወስድብኛል፤ አይደለም። ሐኪሞቹም ሰነፎች አልነበሩም፤ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ቆመው ሲሰፉ በዓይኔ አይቻለሁና ላማቸው አፌ አይደፍርም። የምከሰው ልማዱን ነው። ቁስሉን አጥቦ፣ ሰፍቶ፣ ፋሻ ጠምጥሞ፣ ቁስሉን ያመጣውን ነገር ግን ሳይጠይቅ «በሳምንቱ ስፌቱን ታስወጣለህ» ብሎ የሚያሰናብተውን ልማድ።

ዲማን በእግሩ ያልረገጠ አንባቢ እንኳ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ያውቃታል፤ የፊታውራሪ መሸሻ አገር፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙባት፣ በብቸና አቅራቢያ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ ናት። እንዲህ ያለች አገር መጠጥን ከውጭ ሰው አልተማረችም። ጠላ የሌለበት ማኅበር፣ ጠላ የሌለበት ደቦ በእኛ ዘንድ ምን ይባላል? እኔም ራሴ ጠላ እጠጣለሁ፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ስብከት የሚያነብ ካለ ተሳስቷል። የድሮ ሰው አይሰክርም ነበር የሚል ተረትም አላወራም። ሆኖም የማኅበር ጠላ አሳላፊ አለው፤ ከጎን የተቀመጠ አባት አለው፤ «ይብቃህ» የሚል ድምፅ አለው። ዛሬ ወጣቱ በአዘቦት ቀን፣ ትምህርቱን አቋርጦ ወይም ጨርሶ ሥራ አጥቶ፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚጨልጠው አረቄ አሳላፊ የለውም።

መንግሥት ምን አደረገ? ያደረገውን አልክድም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከመንገድ ሰሌዳ አወረደ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከለከለ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ መጣ። ሃይኒከን በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጂዮ ሜታን ከገዙ በኋላ ቢራ የአገር ፍቅርና የጀግንነት ምልክት ተደርጎ ማለዳና ማታ ሲነገረን ለኖርን ሰዎች የማስታወቂያው መታገድ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ለጠርሙስ ነው። በየጓዳው የሚወጣው አረቄ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የዕድሜ መታወቂያ የሚጠይቅ ሻጭም የለው። (አረቄ አውጪዋን ግን ተዉአት፤ ስንቱን ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችው እርሷ ናት። ጉሮሮዋን ዘግቶ ችግሩን ፈታሁ የሚል ሹም እንዳይነሣብን እሰጋለሁ።) የእህቴ ልጅ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሃያ አንድን ካለፈ ሕጉ ለእርሱ ምንም የሚለው የለም። ታዲያ ማን ያነጋግረው?

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ያ ወጣት በዓመት ውስጥ ሰው የሚናገረውን የሚሰማባት ሰዓት ብትኖር፣ ስካሩ በርዶ የድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ የተጋደመባት ሰዓት ናት። ቁስሉ ይጠዘጥዘዋል፤ እናቱ በር ላይ ቆማለች፤ ኀፍረት ይዞታል። ከሳምንት በኋላ ስፌቱ ይወጣል፣ ኀፍረቱም አብሮ ይወጣል። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሲያትል ሃርቦርቪው የአደጋ ማዕከል የወጣ ጥናት መጠጥ የሚያበዙ 762 ቁስለኞችን ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ግማሽ ያህሉ እንደ ወትሮው ታክመው ወጡ፤ ከቀሩት ጋር ግን ባለሙያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሠላሳ ደቂቃ ያህል፣ ሳይቆጣና ሳይሰብክ ስለ መጠጣቸው ተወያየ። በዓመቱ የተወያዩት ዳግም ቆስለው የመመለሳቸው ነገር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ኋላም የአሜሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ታላላቅ የአደጋ ማዕከላት ሁሉ ቁስለኛን ስለ መጠጥ እንዲጠይቁ ግዴታ አደረገው። ለንደን ውስጥ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል ተሠርቶ በ2004 የታተመው ጥናት ደግሞ ከድንገተኛ ክፍል ወደ አማካሪ ከተላኩ ከእያንዳንዱ ሁለት ሰው በቀጣዩ ዓመት አንድ የድንገተኛ ክፍል ምልልስ እንደ ቀረ አሳየ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥናት ሁሉ ይህን ያህል አላማረም፤ አጭር በራሪ ወረቀት ከመስጠት የተሻለ ውጤት ያላገኙም አሉ። ቢሆንም ከእነዚያ መካከል አለመጠየቅ ይሻላል ያለ አላየሁም።

ለእኛስ መመሪያ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረውና ኢትዮጵያም ተቀብላ የሠራችበት የአእምሮ ጤና ክፍተት መርሐ ግብር ልዩ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ፣ ነርስም ጤና መኮንንም፣ የአልኮልን ችግር እንዴት እንደሚጠይቅና እንደሚያግዝ በግልጽ ይናገራል። የድርጅቱ አሥር ጥያቄዎችም አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ እንኳ (በምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ? በአንድ ቀን ስንት? ከልክ ያለፈ መጠን የምትጠጣውስ በየስንት ጊዜው ነው?) ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስዱም። በጥድፊያ መካከልም ጊዜ አለ፤ በቀለም ሲመደብ አረንጓዴ የተሰጠው ቁስለኛ ቀዩና ቢጫው እስኪያልፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዓታት ይቆጥር የለምን?

ጥያቄው ግን በእኛ አፍ ይጠየቅ። «ስንት ስታንዳርድ ድሪንክ?» ቢባል የዲማ ልጅ ምን ይመልሳል? የውጭው ስሌት አሥር ግራም ንጹሕ አልኮልን አንድ ይላል፤ አምስት ከመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ አሥራ ሦስት ግራም ግድም ይይዛል፤ በአንድ መቀመጫ ስድሳ ግራም የደረሰ ሰው አደገኛ መጠን ጠጥቷል ይባላል። ይህን ወደ ጣሳና ወደ ብርሌ፣ ከሁሉ በላይ ወደ አረቄ መለኪያ መልሶ በአንዲት ገጽ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ጤና ቢሮ ያስፈልጋል። ስሙ ራሱ መለኪያ ነው፤ የሚለካበት ሰው ግን አልተገኘም።

አሁን ተቃውሞውን ልስማ። የመጀመሪያው «ይዋሻል» የሚል ነው። ይዋሽ። ዐሥር ጠጥቶ አራት ያለ ሰው እንኳ አራትን ከአፉ አውጥቷል። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ የተደባደበ ቁስለኛ የፖሊስ ወረቀት ይከተለዋል፣ የተናገረውም ችሎት ይቀርብብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ እውነት ነው። ስለዚህ የመጠጡ መልስ በሕክምና ካርዱ ይቅር፤ ለፖሊስ ከሚጻፈው ማስረጃ ጋር አይደባለቅ። የሚጠይቀውም ዘበኛው ባለበት ሳይሆን መጋረጃ ስቦ ይጠይቅ። ለነፍስ አባቱ መናገር የለመደ ሕዝብ ምስጢሩ እንደሚጠበቅለት ካወቀ ይናገራል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የሰማሁት ከአንድ ወዳጄ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ተቀምጠን ነበር። «ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በጎጃም ሐኪም ቤቶች የደረሰውን እያየህ፣ ጓንትና ፋሻ ባለቀበት፣ መንገድ በተዘጋበት፣ አንተ ስለ አረቄ ታወራለህ?» አለኝ። አዎን፣ አወራለሁ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ሥራ የጠፋበት፣ ወንድሙን የቀበረ ወጣት ከወትሮው ያነሰ ይጠጣል ያለው ማን ነው? ፋሻው ካለቀ ደግሞ ያንኑ ልጅ ሦስት ጊዜ መጠቅለል የሚያዋጣው በየትኛው ሒሳብ ነው? ጥያቄ ጓንት አይፈልግም፤ በመኪና ተጭኖ ኬላ አያልፍም፤ በጀት አይጠብቅም። ጦርነቱን ማስቆም የነርሷ ሥልጣን አይደለም፤ ይህ ግን ሥልጣኗ ነው።

የእህቴ ልጅ በመጪው ወር የክንዱን ብረት ሊያሳይ ቀጠሮ አለው። አብሬው እሄዳለሁ። ካርዱ ሲከፈት የሚጠይቀው ሰው ካልተገኘ እኔ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱም እዚያው፣ ከደም ግፊቱ ሥር፣ እንዲጻፍ እለምናለሁ።