የፊኛ ካንሰርና ሲቲ ስካን፦ ምስሉ የሚያሳየውና የሚያመልጠው

ሽንቱ ቀልቶ ያየ ሰው ካላመመው ብዙም አይደነግጥም። ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ ቀይ ሥር በልቼ ነው እያለ ጥቂት ቀናት ይጠብቃል። ቀይ ሥርም ሆነ ሪፋምፒሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሽንትን ቀለም መለወጣቸው እርግጥ ነው። ደም ሲሆን ግን በራሱ ጊዜ ቆሞ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመለሳል። የፊኛ ካንሰር ዋነኛ ምልክትም ይኸው ሕመም የሌለው፣ ብቅ ጥልቅ የሚል ደም ነው።

እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም ላይ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ የፊኛ ካንሰር እንደተገኘባቸው፣ 220 ሺህ ገደማ ሰዎችም በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ይገመታል። ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ያህል ወንዶች ናቸው። በሴቶች ላይ ግን ደሙ ከወር አበባ ወይም ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጋር ስለሚምታታ በሽታው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይደረስበታል። ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው ትንባሆ ማጨስ ነው።

በገጠር የሚኖር ታማሚ መንገዱ ረጅም ነው። ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን የኢንፌክሽን መድኃኒት አንዴ ሁለቴ ይወስዳል፤ ደሙ ሲመላለስበት ሪፈር ተጽፎለት ወደ ከተማ ይሄዳል። ቤተሰቡ በግ ወይም ወይፈን ሸጦ የሲቲ ስካን ክፍያ ያሟላል። ውጤቱ «የታየ ችግር የለም» የሚል ከሆነ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደ ቀዬው ይመለሳል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሲቲ ስካን ለፊኛ ካንሰር የሚደረገው ምርመራ ግማሽ እንጂ ሙሉው አይደለም።

ሲቲ ስካን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው እ.ኤ.አ በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። የፈጠራው ባለቤቶች ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። መሣሪያው ራጅን በሰውነት ዙሪያ እያዞረ ያነሣና በኮምፒውተር አማካይነት የውስጥ አካልን በቀጭን በቀጭኑ ከፋፍሎ ያሳያል። ለሽንት ሥርዓት ሲሆን ምርመራው በተለምዶ በሦስት ዙር ይካሄዳል። መጀመሪያ ያለ ቀለም ይነሣል፤ በዚህ ጠጠር ካለ ይለያል። ቀጥሎ አዮዲን ያለበት ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ ኩላሊት ቀለሙን ሲቀበል ይነሣል። በመጨረሻም አሥር ደቂቃ ገደማ ተጠብቆ፣ ቀለሙ ከሽንት ጋር ወደ ፊኛ ሲወርድ ይነሣል። በዚህ ዙር በነጩ ቀለም መካከል ጨለም ብሎ የሚታይ ጉድፍ ዕጢ ሊሆን ይችላል።

የሲቲ ስካን ትልቁ ጥቅም ካሜራ በቀላሉ የማይደርስበትን ማሳየቱ ነው። የፊኛን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሸፍነው ሽፋን ከኩላሊት በሚወርዱት ቱቦዎችም ውስጥ ስለሚገኝ ካንሰሩ እዚያም ሊነሣ ይችላል። ዕጢው ቱቦ ዘግቶ ኩላሊትን አሳብጦ እንደሆነ፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ተሠራጭቶ እንደሆነ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

የሚያመልጠውም አለ። ጥቃቅን ዕጢዎችና በፊኛ ግድግዳ ላይ እንደ ቀጭን ምንጣፍ ተነጥፈው የሚቀመጡ ጠፍጣፋ ካንሰሮች በምስሉ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። ጠፍጣፋዎቹ ደግሞ ሥር ወደ መስደድ የሚያደሉ አደገኞች ናቸው። ፊኛው በደንብ ካልሞላ ግድግዳው ይጨማደድና ጤነኛው እንደ ታመመ፣ የታመመው እንደ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። በዚህ ምክንያት በሽንት ቧንቧ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ፊኛን በዓይን የማየት ምርመራ፣ ማለትም ሲስቶስኮፒ፣ አይቀርም። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠውም በላቦራቶሪ የሚታይ ናሙና እንጂ ፊልም አይደለም።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ዕጢው በካሜራ እየታየ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የፊኛው ግድግዳ ለሳምንታት ያብጣል፤ በዚያ ጊዜ የተነሣ ሲቲ ስካን ቁስሉን ከካንሰር መስፋፋት ሊለየው አይችልም። ስለዚህ በተቻለ መጠን ምስሉ ከቁርጠቱ በፊት ቢነሣ ይመረጣል። ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ዘልቆ እንደሆነ ለማወቅም ሲቲ ስካን ደካማ ነው፤ ኤምአርአይ ይሻላል።

ከአራት ታማሚዎች ሦስቱ ገደማ በሽታው ሲገኝባቸው ገና ጡንቻ አልነካም። ይህ ዓይነቱ ካንሰር የመዳን ተስፋው ሰፊ ቢሆንም ተመልሶ የመምጣት ልማዱ ያስቸግራል። የሚከታተሉትም በዋናነት በካሜራ ነው፤ የመጀመሪያው ክትትል ዕጢው በወጣ በሦስተኛው ወር ይደረጋል። አደገኛ ለሆነው ዓይነት፣ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚከተቡት የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ቢሲጂ ፊኛ ውስጥ እየተጨመረ እንደ መድኃኒት ያገለግላል። ጡንቻ ለነካው ካንሰር ግን ሲቲ ስካን የክትትሉ ምሰሶ ነው። ፊኛው በቀዶ ሕክምና ከወጣም በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየስድስት ወሩ ገደማ ደረትና ሆድ ይነሣል። ክትትል ማለት የዛሬውን ምስል ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ነውና የቀድሞውን ፊልም ወይም ሲዲ ቤት ጥሎ የሚመጣ ታማሚ የራዲዮሎጂ ሐኪሙን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ቀለሙ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል። ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታማሚ፣ ነፍሰ ጡር የሆነችና ቀደም ሲል ቀለሙ ያስቆጣው ሰው አስቀድመው መናገር አለባቸው።

ቢልሃርዝያም ከዚህ ካንሰር ጋር ይዛመዳል። በግብፅ የሽንት ቢልሃርዝያ ለረጅም ዘመን የፊኛ ካንሰርን በገበሬዎች ዘንድ አስፋፍቶ ቆይቷል፤ ትሉን ቴዎዶር ቢልሃርዝ ያገኘውም እ.ኤ.አ በ1851 ካይሮ ውስጥ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሐይቆችና ወንዞች አካባቢ በብዛት ያለው አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ፊኛን የሚያጠቃው በታችኛው አዋሽ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ ይገኛል። ለቀን ሥራ ወደነዚህ ቆላዎች ወርዶ የነበረ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ቢነግር ይጠቅመዋል፤ ለረጅም ጊዜ በትሉ የተጎዳ ፊኛ ግድግዳው ጠጥሮ በሲቲ ስካን ላይ እንደ ነጭ ቀለበት ሊታይ ይችላልና።

ሲቲ ስካን ያለባቸው ተቋማት በኢትዮጵያ በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች የተሰባሰቡ ናቸው። ማሽን ሲተከል ይመረቃል፣ ዜና ይሆናል። ዋጋው ከሲቲ ስካን እጅግ የሚያንሰው የፊኛ ካሜራ፣ ካሜራውን የሚይዘው የሽንት አካላት ሐኪምና ናሙናውን የሚያነበው የፓቶሎጂ ባለሙያ ግን እምብዛም አይቆጠሩም። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ ንጹሕ ፊልም ይዞ ደሙ ያልቆመለት ታማሚ ሐኪሙን «ፊኛዬ በካሜራ መቼ ይታያል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።